የሰባት ቤት ቁልፍ

ቁልፉ ዞረ።

በድሉ እንደተንበረከከ ቀረ። ጣቶቹ ቁልፉን አልለቀቁም። መቆለፊያውን ከገጠመው ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም፤ ድሪሉ የተፋው የእንጨት ብናኝ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አልተጠረገም። ከመቆለፊያው ጋር የመጡትን ሁለት ቁልፎች የቤቱ ባለቤት እትዬ ፈትለወርቅ "እዚህ ብናኝ ውስጥ ሳይጠፉ" ብለው ይዘዋቸው ወደ ላይ ወጥተዋል። ታዲያ ይህ የዞረው ቁልፍ የማን ነው?

ቀስ ብሎ ወደ እጁ አየ። ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት የተንጠለጠለው የራሱ ቤት የመስኮት ቁልፍ ነበር። መቆለፊያው በደንብ መያዙን ልሞክር ሲል እጁ ሳያማክረው ኪሱ ገብቶ ያወጣው እሱን ነው።

መልሶ አዞረው። ተቆለፈ። እንደገና አዞረው። ተከፈተ። መስኮቱ ሸርተት አለና የኅዳር ብርድ ፊቱን ገረፈው።

"የለም፣ የለም..." አለ በሹክሹክታ።

ከመሣሪያ ቦርሳው ሁለት ያልተከፈቱ መቆለፊያዎች አውጥቶ ማሸጊያቸውን በጥርሱ ቀደደ። አራት ትንንሽ የናስ ቁልፎች መዳፉ ላይ ወደቁ። ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አያቸው። በአራቱም ጀርባ ላይ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቁጥር አለ፤ 217። የራሱን ቁልፍ ገለበጠው። 217።

ክው አለ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጸደይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን የሦስቱ ቤት በሦስት ተከታታይ እሑዶች፣ ሁሉም አምልኮ ላይ ሳሉ፣ በመስኮት ተሰበረ። ሌባው ሰዓታቸውን ያውቀዋል። በሦስተኛው እሑድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ፍስሐ መድረክ ላይ ወጥተው፣ "በመካከላችን አናጢ እያለ ለምን እንዘረፋለን?" አሉ። ሁሉም ዞሮ በድሉን አየው። ተሰደው የሚኖሩባት ከተማ በዚያ ዓመት በነዳጅ ገንዘብ አብዳ ነበር፤ መሀል ከተማው ክሬን በቅሎበታል፣ የቤት ኪራይ በየወሩ ይጨምራል፣ አናጢ እንደ ሐኪም በቀጠሮ ይፈለጋል። በድሉ በሳምንት ስድስት ቀን አዳዲስ ቤቶች ውስጥ በር ሲገጥም ይውላል። ግን እንዴት እንቢ ይበል? የሰፈራቸው፣ የፋልከንሪጅ፣ አሮጌ ቤቶች የእንጨት መስኮቶች በቅቤ ቢላዋ የሚከፈቱ ናቸው። ሊዘጋ የተቃረበ አንድ የዕቃ መደብር አንድ ካርቶን ሙሉ ባለቁልፍ መቆለፊያ በግማሽ ዋጋ ሸጠለት። መስኮት ከውጭ በቁልፍ አይከፈትም፤ የመቆለፊያው ጥቅም ሌላ ነው። ሌባ መስታወት ሰብሮ እጁን ቢያስገባ እንኳ ቁልፍ ከሌለው መስኮቱ ንቅንቅ አይልም።

ቁልፍ ከሌለው።

በየቤቱ ሲገጥም እያንዳንዱን ቁልፍ በክር አስሮ፣ "የሳሎን"፣ "የጓዳ"፣ "የቤዝመንት" ብሎ በወረቀት ጽፎ ያስረክብ ነበር። ሰዎቹ ጥንቃቄውን አይተው ይመርቁታል። ያሳወረውም ያው ጥንቃቄ ነው፤ የሳሎኑን ቁልፍ ጓዳው ላይ ሞክሮት አያውቅም። የራሱ ቤት አንድ፤ የጋሼ ፍስሐ ሁለት፤ ይህ ሰባተኛው ቤት ነው። ስድስተኛው የዳዊት ነበር።

እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ቆመ።

ዳዊት የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሰሜን ካለው የነዳጅ ካምፕ ሁለት ሳምንት ሠርቶ አንድ ሳምንት ቤቱ ያርፋል። ሚስቱ ምሥራች እሱ ካምፕ ሳለ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ ከቤት ከወጣችና ከምድር በታች ያለው የእትዬ ፈትለወርቅ ቤዝመንት ውስጥ ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ዳዊት ሐሙስ ተመልሷል። የት እንዳለች አያውቅም። በድሉ ዛሬ የተጠራው ይህን እሷ የምትተኛበትን፣ በጓሮ በኩል ወደ መኪና መተላለፊያው የሚከፈተውን፣ የሰው ትከሻ በቀላሉ የሚያስገባውን መስኮት በዳዊት ላይ እንዲዘጋ ነው።

የዳዊት ቁልፍ ይከፍተዋል።

"ጨረስክ እንዴ የኔ ልጅ?" የእትዬ ፈትለወርቅ ድምፅ ከአካላቸው ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። ያለ ማይክ ከመዘምራኑ ሁሉ በላይ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ማታ ማታ የነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ሲያጸዱ ሊፍት ውስጥ የዘመሩት አሥር ፎቅ ላይ ይሰማል ይባላል።

በድሉ ቁልፎቹን ሁሉ ኪሱ ከተተ። "ትንሽ ቀረኝ፣ እትዬ።"

"ምነው ፊትህ ዐመድ መሰለ? በርዶህ ነው? መስኮቱን ዝጋዋ! ለዚሁ አይደል የጠራንህ?" አጠገቡ ደርሰው መቆለፊያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ለኔ ቢሆን ይሄም አያሻኝ። እኔን ሰርቆ ምን ሊያገኝ? የደም ግፊት ኪኒኔን? ይውሰድ፣ ይፈወስበት!"

ምሥራች ከኋላቸው ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰንሪጅ ገበያ አዳራሽ ጫማ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ግን ታመምኩ ብላ የሥራ ሺፍቷን ሰርዛለች። እንደ ድሮው ቢሆን በእትዬ ቀልድ ትስቅ ነበር። ዓይኗ ከመስኮቱ አልተነሣም።

"እትዬ፣ ሁለቱንም ቁልፍ እኔ ልያዛቸው?"

"ያንቺው ናቸው፤ እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ።"

ተቀብላ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። እጇ ግን ከኪሷ አልወጣም። "በድሉ፣ ከነዚህ ሌላ የሚከፍተው ቁልፍ የለም፣ አይደል?"

በድሉ ጎንበስ ብሎ መሮውን አነሣ። "የለም። ሁለቱ ብቻ ናቸው።"

"ጌታ ይባርክህ፤" አለች። ሁለቱ ሴቶች ወደ ላይ ሲወጡ የደረጃው ጣውላ ሲንቋቋ ሰማ።

መስኮቱን ዘግቶ ቆለፈ፤ ብናኙን በመዳፉ እየሰበሰበ ለራሱ ምክንያት ደረደረ። ሰኞ ሌላ ሱቅ ሄዶ የተለየ ዓይነት መቆለፊያ ይገዛል፤ "ይሄኛው ላላ" ብሎ ይቀይርላታል፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ለሌሎቹም ቀስ ብሎ። አሁን ቢናገርስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእያንዳንዱን ሰው መስኮት የለካ፣ ጓዳውን ያየ፣ የሁሉንም ቤት የሚከፍት ቁልፍ ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ማነው? የጸደዩ ሌባ ገና አልተያዘም። ደግሞ ከዚህ የባሰም አለ፤ ለአምስቱ ቤት ተናገረ ማለት ለዳዊትም ተናገረ ማለት ነው። ዝምታው ለምሥራች ይሻላል እንዴ? ይህን ሲያስብ ትንሽ ቀለል አለው። ቀለል ስላለው ደግሞ ራሱን ተጠራጠረ።

ስልኩ ጠራ። ዳዊት ነው።

ካላነሣው ይጠረጥራል ብሎ አነሣው።

"በድልዬ! ጌታ ይባርክህ፣ የት ነህ?" ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው።

"ሰንሪጅ... ዕቃ ልገዛ ብዬ።"

"ቅዳሜም አታርፍም አንተ! ስማ፣ ምሥራችን ያየ ሰው እየፈለግሁ ነው። አንተ ደግሞ የማትገባበት ቤት የለም..."

"በድሉ!" የእትዬ ፈትለወርቅ ጥሪ ከላይ ወረደ። "ሻይህ በረዶ ሆነልህ እኮ! ና እንጂ!"

በድሉ ስልኩን በመዳፉ ሊያፍን ሞከረ፤ ምን ዋጋ አለው።

"እትዬ ፈትለወርቅ ናቸው?" አለ ዳዊት።

በድሉ ወደ ደረጃው ራስ ቀና አለ።

"ሰንሪጅ ሻይ መሸጥ ጀመሩ እንዴ?" ዳዊት ሳቀ። ረጅም ሳቅ አልነበረም። "በል ሰላም በልልኝ። ለሁሉም።" ዘጋ።

ከዳዊት ቤት እዚህ ድረስ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። መንገዱ ቢጨናነቅ እንኳ ሃያ ደቂቃ። በድሉ ደረጃውን የወጣው እየሮጠ ይሁን እየሄደ አላስታወሰውም። ወጥ ቤት ሲደርስ ምሥራች ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችውና አስቀመጠችው።

"ማነው የደወለው?"

"ዳዊት።"

"ምን አልከው?"

"ምንም። ግን የእትዬን ድምፅ ሰማ።"

እትዬ ፈትለወርቅ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። "አፌን በቆረጠው! ምነው ዛሬ እንኳ ድዳ በሆንኩ!" ተነሥተው የፊት ለፊቱን በር ሰንሰለት አስገቡ፤ የጓሮውንም በር ጎትተው አዩት። "ግድ የለም፤ ይምጣ። በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱም ተቆልፏል፤ ደጅ ቆሞ ይቀዝቅዝ።"

"መስኮቱ አልተቆለፈም፤" አለ በድሉ።

"ምን ማለትህ ነው? አሁን አይደል እንዴ..."

ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተናቸው። አንዱ ተንከባሎ ከስኳሩ ዕቃ ጋር ተጋጨ። "ሁሉም አንድ ናቸው። ዛሬ ነው ያወቅሁት። የገጠምኳቸው መቆለፊያዎች በሙሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ። የኔም ቤት፣ የጋሼ ፍስሐም..." ወደ ምሥራች ዞረ። "ዳዊት እጅ ያለውም ይከፍተዋል። መስታወቱን ከሰበረ ይበቃዋል።"

ምሥራች ተነሣች። የበድሉን የቁልፍ ቀለበት ከጠረጴዛው አንሥታ ደረጃውን ወረደች። ሁለቱም ከላይ ሆነው አዳመጡ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የመስኮቱ መንሸራተት። ከዚያ እንደገና መዘጋቱ። ስትመለስ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ቅድም ጠይቄህ ነበር፤" አለች።

"ጠይቀሽኛል።"

"ዋሸኸኝ።"

"ዋሸሁሽ።"

"ያኔም እንዲሁ ነው ያደረግኸው።" ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። "እኛ ቤት ገጥመህ ስትጨርስ ቁልፎቹን ለማን ሰጠኻቸው?"

በድሉ ያስታውሳል። ነሐሴ ነበር፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። ምሥራች እጇን ዘርግታ አጠገቡ ቆማለች። ዳዊት መካከላቸው ገባና ሁሉንም ቁልፎች፣ ከነወረቀታቸው፣ ተቀብሎ የጃኬቱ ደረት ኪስ ውስጥ ከተታቸው። "እሷ ትረሳዋለች፤ እኔ ልያዛቸው። እንግዲህ አሁን ወፍም አትወጣ፤" ብሎ የበድሉን ትከሻ መታ። ሰው "ወፍም አትገባ" ነው የሚለው። በድሉ ልዩነቱን ሰምቶታል። ሰምቶት አብሮ ሳቀ።

"ካምፕ ይዟቸው ሄደ፤" አለች ምሥራች። "አሥራ አራት ቀን መስኮት ሳልከፍት። ሽንኩርት ቢያርብኝ የጭሱ ማንቂያ ይጮሃል፤ በር ከፍቼ እንዳላናፍስ ጎረቤቱን 'ስንት ጊዜ ወጣች?' እያለ ይጠይቀዋል። ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እኔን አይደለም፤ መስኮቶቹን እየዞረ ይነካካል። ሐሙስ ዕለት ስልኬ ላይ ሰባት መልእክት ተወልኝ። የመጨረሻው 'የትም ብትገቢ ገብቼ አወጣሻለሁ' ይላል።"

"ለሽማግሌዎቹ አላሰማሽም?" አሉ እትዬ።

"አሰማሁ። ባልሽ ቢወድሽ ነው፣ እስከ እሑድ ታገሺ አሉኝ።"

እትዬ ፈትለወርቅ ወደ በድሉ ዞሩ። "አንተ ምን ትጎለታለህ? ረጅም ብሎን ምታበትና ይደፈን! ሁለት፣ ሦስት ምታበት!"

"አይሆንም፤" አለች ምሥራች። "እሳት ቢነሣ በምን ልወጣ ነው? ከዚያ ቤት የወጣሁት እኮ ሌላ ቦታ እንድታሸግ አይደለም።"

የበድሉ ስልክ እንደገና ጠራ። ሦስቱም ደነገጡ። ጋሼ ፍስሐ ነበሩ። ተነሥቶ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄደ፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግን የሽማግሌው ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

"በድሉ፣ አሁን ዳዊት ደወለልኝ። አለቀሰ እኮ! እዚያ ቤት ምን ትሠራለህ?"

"እትዬ መስኮት ግጠምልኝ ብለውኝ ነው፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ በባልና ሚስት መካከል መቆለፊያ አይገባም። ነገ ከአምልኮ በኋላ እናስታርቃቸዋለን፤ ተስማምቷል። እስከዚያ ማንም ነገር እንዳያባብስ። ፖሊስ የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይነሣ፤ የዚህ ሰው የካምፕ ሥራው ይበላሻል፣ የጉባኤውም ስም ይጠፋል።"

"ጋሼ፣ ቁልፎቹ አንድ ናቸው። የእርስዎም ቤት፣ የዳዊትም፣ የዚህም። በዳዊት ቁልፍ ይሄ ይከፈታል።"

የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ አለ። "ይህን ለማን ነገርክ?"

"ለሁለቱ።"

"ለሦስተኛ ሰው እንዳትናገር። ሰምተኸኛል? ሰው ምን ይልሃል? የጸደዩን ስርቆት ማን ላይ ያላክኩታል? እኔ አንተን አውቅሃለሁ፤ ሌላው ግን... ልጄ፣ መሣሪያህን ሰብስብና ቤትህ ግባ። ነገ በጌታ ፊት እንነጋገራለን።"

ዘጉ። በድሉ ስልኩን እንደያዘ በሳሎኑ መስኮት ወደ ውጭ አየ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ብርሃኑ ግን ከወዲሁ መገርጣት ጀምሯል። አንድ ነጭ ፒክአፕ በመንገዱ በዝግታ አለፈ። የዳዊት ጥቁር ነው። ቢሆንም መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ ተከተለው።

መሣሪያህን ሰብስብ። ቀላል ነበር። ድሪሉ፣ መሮው፣ ብሎኖቹ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ደጅ ናት። ሽማግሌ ያዘዘውን ያደረገ ሰው ደግሞ በኋላ አይጠየቅም። እግሩ ወደ ደረጃው ሁለት እርምጃ ሄዷል።

ወጥ ቤት ውስጥ ምሥራች ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር። ሌላ እጇ ውስጥ ከቤት በወጣች ሰሞን የሴቶች መጠለያ ሠራተኛ ከሰጠቻት ወዲህ ስትገልጥና ስታጥፍ ያለቀች አንዲት የስልክ ቁጥር ካርድ አለች። እትዬ ፈትለወርቅ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ሳያሰሙ፣ በከንፈራቸው ብቻ ይጸልያሉ። ምሥራች በእንግሊዝኛ ስሟን ተናገረች። አድራሻውን ተናገረች። የዳዊትን ስም ስትናገር ቆም አለችና ደገመችው። ከወዲያ በኩል ያለችው የፖሊስ ሴት ረጋ ብላ ትጠይቃለች፤ የመኪናው ቀለም፣ መሣሪያ አለው ወይ፣ ከዚህ በፊት እጁን አንሥቶብሽ ያውቃል ወይ። ምሥራች እየመለሰች ሄዳ፣ አንዱ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ወደ በሩ ዞረች።

ስልኩን ከጆሮዋ ፈቀቅ አድርጋ በሩ ላይ የቆመውን በድሉን አየችው።

"'ቁልፍ ይዞብሽ ሲሄድ፣ ሲከለክልሽ ያየ ሰው አለ?' ትለኛለች።" ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "የለም ልበላት?"

አልለመነችውም። በድሉን ያስፈራው ይህ ነው። የለም ቢል እንደ ቅድሙ የምታምነው መስሎ ታየው፤ ወይም ሳታምነው አሜን ብላ የምትቀበለው።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳያየው ሽማግሌው መሆናቸውን ያውቃል። ነገ መድረኩ ላይ የሚነገረውን አሰበ፤ ነገ ማታ ከአምስቱ ቤት የሚመጣውን ስልክ አሰበ፤ ጋሼ ፍስሐ እጁን ሳይጨብጡት ሲያልፉ ታየው። ወንበር ስቦ ምሥራች አጠገብ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ።

"ስጪኝ።"

ስልኩ ከእጇ ላብ ረጥቧል። በእንግሊዝኛ፣ "አዎ፤ እኔ አይቻለሁ። ቁልፎቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤" አለ። የፖሊሷ ሴት ማን እንደሆነ ጠየቀችው። "በድሉ፤" አላት። አልገባትም። ይደግምላት ጀመር፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለ፣ ከወዲያ የምትጽፍበት የኪቦርድ ድምፅ እስኪደርስበት እየጠበቀ፤ "ቢ... ኢ... ዲ..."

ሲጨርስ፣ ሳትጠይቀው የአባቱን ስም ጨመረላት።